በጎጃም የከረመው የኢጣልያ ጦር እንዴት መጣ፣ እንዴትስ ወጣ

ባለፈው ዓመት በዚህ መጽሔት ስለ ድንኳንና ስለ ዕቃ አያያዝ ጽፌ ነበር። ዘንድሮ የመጽሔቱ አዘጋጆች ታሪክ ጻፍ ስላሉኝ፣ በጡረታ ዘመኔ ካነበብኩትና ከአባቶች ከሰማሁት ውስጥ የጣልያን ጦር በእኛ አገር ያሳለፈውን አምስት ዓመት መርጫለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።

ይኼን የመረጥኩበት ምክንያት አለኝ። በየለቅሶው ድንኳን ካርታ እየተጫወተ የሚያድረው ወጣት፣ ጠብ ሲነሣ «የባንዳ ልጅ» እያለ ሲሳደብ እሰማለሁ። ተሰዳቢው ስለ አያቱ የሚያውቀው የለም፤ ተሳዳቢውም የሚያውቀው የለም። ያ ጦር ምን ዓይነት ጦር እንደ ነበር፣ ማን ማን እንደ ነበረበት ሳይታወቅ ስድቡ ብቻ ከአባት ወደ ልጅ ተላልፎ ደርሷል።

በመጀመሪያ ስለ ጦሩ አቋም ጥቂት ልናገር። አባቶቻችን «የጣልያን ጦር» ሲሉ ሁሉም ነጭ ይመስለናል። በዚያን ጊዜ አንድ የኢጣልያ እግረኛ ክፍለ ጦር ሁለት ሬጅመንት፣ ከዚያም መድፈኛና ሌላ ሌላውም ተጨምሮበት ከ10 ሺህ እስከ 13 ሺህ ሰው የሚይዝ ነበር። እንዲህ ያለ ሙሉ የነጭ ክፍለ ጦር በአዲስ አበባ ተቀምጦ የነበረው «የሳቮያ ግራናቲዬሪ» የሚባለው ነው። ከእርሱ አንዱ ሬጅመንት ወደ ከረን ተልኮ፣ ከጥር መጨረሻ እስከ መጋቢት 1933 ዓ.ም. በተደረገው ትልቅ ጦርነት ላይ አለቀ፤ የቀረውም በየቦታው ተማርኮ ክፍለ ጦሩ በዚያው ዓመት ስሙ ጠፋ። ወደ ጎጃም የመጣው ግን ሌላ ነው። እኛ ዘንድ የነበረው አብዛኛው «የቅኝ ግዛት ብርጌድ» ይባላል። መኮንኖቹና መድፉን የሚያዙት ኢጣልያኖች፣ ጠመንጃ የሚሸከመው ግን አስካሪ ነበር፤ ኤርትራዊ አለ፣ ከዚሁ ከአገራችን የተመለመለም አለ። ከዚህ ሌላ ጥቁር ሸሚዝ የሚለብሱ የፋሺስት ፓርቲ ሻለቆች በየምሽጉ ነበሩ። ከሁሉም በታች ደግሞ በየአገሩ ሹም ሥር ያለ፣ ደመወዝና ጠመንጃ የሚሰጠው፣ ዩኒፎርም እንኳ በደንብ የሌለው ባንዳ ነበር። እንግዲህ ቁጥሩን ስናየው በጎጃም ላይ የዘመተው ጠላት ከግማሽ በላይ ጥቁር ነበር ማለት ነው። ይኼን መስማት ደስ አይልም፤ እውነቱ ግን ይኼ ነው።

ጣልያን ሲመጣ ጎጃም ያለ ጌታ ነበር ማለት ይቻላል። ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት በ1924 ዓ.ም. ከሥልጣን ወርደው ታሥረዋል። በምትካቸው የተሾሙት ራስ እምሩ የጎጃምን ጦር ይዘው ወደ ሽሬ ዘምተው፣ በየካቲት 1928 ዓ.ም. ከባድ ውጊያ ገጥመው ተሸነፉ። ከኋላ ደግሞ ደጃዝማች ገሠሠ በለው አምፀውባቸው ነበር። ስለዚህ ስታራቼ የሚባለው የፋሺስት ፓርቲ ጸሐፊ በመኪና የተጫነ ጦር እየመራ መጋቢት መጨረሻ ላይ ጎንደርን ይዞ፣ ከዚያ ወደ ጣና ወርዶ፣ በግንቦት 1928 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ሲገባ ይህን ያህል የሚከለክለው አላገኘም። ጎጃም እንዲህ በቀላሉ ሲያዝ ጣልያኖቹ ነገሩ ያለቀ መሰላቸው።

አላለቀም። ግራዚያኒ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ በአዲስ አበባ ያደረገው ጭፍጨፋ፣ በግንቦትም በደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ላይ የፈጸመው ግፍ ወሬው አባይን ተሻገረ። ከዚያ ጠመንጃ አስረክቡ የሚለው ትእዛዝ መጣ። የጎጃም ገበሬ ጠመንጃውን ስጥ ሲባል ምን እንደሚል ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። በ1929 ክረምትና በ1930 ዓ.ም. አገሩ በሞላ ተነሣ። በየወረዳው ተቀምጠው ያስተዳድሩ የነበሩት ኢጣልያኖች ተገደሉ ወይም ሸሹ፤ ምሽጎቹም ስለ ተከበቡ ስንቅ በአይሮፕላን ይጣልላቸው ነበር። በ1930 ዓ.ም. ጄኔራል ካቫሌሮ ብዙ ጦር ይዞ ጎጃምን ሊያጸዳ ዘመተ። ያቃጠለውን አቃጠለ፤ የገደለውን ገደለ። ዘመቻው ካለቀ በኋላ ግን ጣልያን የያዘው ምሽጎቹንና መንገዱን ብቻ ነው። ከባሕር ዳር ተነሥቶ በዳንግላ፣ በእንጅባራ፣ በቡሬ፣ በደምበጫ አድርጎ ደብረ ማርቆስ የሚደርሰው መስመር የእርሱ ነበር፤ ከመንገዱ ፈቀቅ ያለው የአርበኛ ነበር።

አርበኞቹም እርስ በርሳቸው ሁልጊዜ ተስማምተው አልነበሩም። በቡሬ በኩል ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፣ ከእንጅባራና ከዳንግላ በኩል ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ በብቸና በላይ ዘለቀ፣ ከደብረ ማርቆስ በላይም ኃይሉ በለው ነበሩ። የነጋሽና የመንገሻ ነገር የታወቀ ነው፤ ሁለቱም ጀግኖች፣ ሁለቱም ኩሩዎች፣ አንዱ ለአንዱ አይታዘዝም። በ1931 እና በ1932 ዓ.ም. መካከል ሞኒዬ የሚባል ፈረንሳዊ ኮሎኔል ከሎሬንዞ ታእዛዝ ጋር የአርበኞቹን ሁኔታ ሊያይ በስውር ገብቶ ነበር፤ ፈረንሳዊው ጎጃም ውስጥ ታሞ እዚሁ ሞተ። ከእርሱ ቀጥሎ በነሐሴ 1932 ዓ.ም. ሳንድፎርድ የሚባለው ሽማግሌ እንግሊዛዊ ኮሎኔል ጥቂት ሰው ይዞ ከሱዳን ገባና ፋግታ ላይ ሰፈረ። ሳንድፎርድ በአገራችን ብዙ ዓመት የኖረ፣ እርሻ የነበረው፣ ሰውን የሚያውቅ ሰው ነው። ከሥራው ሁሉ ትልቁ በ1933 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ነጋሽንና መንገሻን ማስማማቱ ይመስለኛል። መድፍ አላመጣም፤ ያመጣው እርቅ ነው። ለዕድር ሰው ይህ የሚገባው ነገር ነው።

ከዚያ ዊንጌት መጣ። ዊንጌት ጢሙ ያደገ፣ ከመጽሐፍ ቅዱስ የማይለይ፣ ነገረ ሥራው ሁሉ ለራሱ ለእንግሊዞቹም የማይገባ መኮንን ነበር። ጦሩን «የጌዴዎን ጦር» ብሎ ሰየመው። መጽሐፈ መሳፍንትን ያነበባችሁ ታውቁታላችሁ፤ ጌዴዎን በሦስት መቶ ሰው ብዙ ሺህ ጠላት ያባረረው ነው። የዊንጌትም ጦር ከሁለት ሺህ አይሞላም ነበር፤ ግማሹ ሱዳናዊ፣ ግማሹ ገና ያልሠለጠነ ኢትዮጵያዊ ስደተኛ፣ መኮንኖቹ እንግሊዞች፣ መድፍ የሌለው፣ ጥቂት ሞርታር ብቻ ያለው ነው። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ወሰኑን ተሻግረው ኡም ኢድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ሰቀሉ፤ ከዚያም በበላያ አድርገው ወደ ደጋው ጉዞ ተጀመረ።

የግመሉን ነገር ሳላነሣ አላልፍም። እንግሊዞቹ ለዚህ ዘመቻ 15 ሺህ ያህል ግመል ከሱዳን ገዝተው ስንቅና ጥይት ጫኑበት። ገደሉ፣ ብርዱ፣ የማያውቀው ሣር አንድ ባንድ ፈጀው፤ የተረፈው ከቁጥር የማይገባ ነው። መንገዱን ያጣ ከኋላ የሚመጣ ጦር በግመል ሬሳ ሽታ ይከተል ነበር ይባላል። ግመል ደጋ እንደማይችል የአቸፈር እረኛ እንኳ ቢጠየቅ ይነግራቸው ነበር። ግን ማን ጠየቀው።

አሁን ወደ እኛ መንገድ እንመለስ። በዳንግላ የነበረው ኮሎኔል ቶሬሊ ብርጌዱን ይዞ በየካቲት 1933 ዓ.ም. ዳንግላን ለቆ ወደ ባሕር ዳር ሄደ። ከዳንግላ ባሕር ዳር የሚወስደው በእኛ በዱርቤቴ በኩል ግልገል አባይን ተሻግሮ ነው፤ ስለዚህ አያቶቻችን የሚሸሽ ጦር በዓይናቸው ካዩት መካከል ናቸው። ቶሬሊ ባሕር ዳር ላይ በአርበኞችና በጥቂት እንግሊዞች ተጠምዶ ሰንብቶ፣ በኋላ ያንን ለቆ ወደ ጎንደር ጦር ተጠቃለለ። እንጅባራም በዚያው ሰሞን ስለ ተለቀቀ ዊንጌት ሲደርስ ባዶ ምሽግ አገኘ።

ቡሬ ግን ሌላ ነበር። ቡሬ ላይ ኮሎኔል ናታሌ 7 ሺህ ያህል ሰው፣ መድፍ፣ ብረት ለበስ መኪና፣ ፈረሰኛ ባንዳ ይዞ ተቀምጦ ነበር። ዊንጌት ፊት ለፊት ቢገጥመው አንድ ቀን አይቆይም። ስለዚህ የቀን ውጊያ ተወ። ከየካቲት 20 ጀምሮ በሌሊት እየሄደ፣ በትንሽ በትንሹ ተከፋፍሎ፣ አንዱን ምሽግ ሲነካ ሌላውን ሲተው፣ መንኩሳን ሲከብብ፣ የስልክ ሽቦ ሲበጥስ ናታሌ ምን ያህል ጦር እንደ መጣበት ማወቅ አቃተው። ጎን ለጎን ደግሞ ስቲር የሚባል ጋዜጠኛ የነበረ መኮንን ካርቱም ላይ ባሳተመው «ባንዲራችን» በሚባል የአማርኛ ጋዜጣና በድምፅ ማጉያ፣ ንጉሠ ነገሥቱ መጥተዋልና ኑ ግቡ እያለ ባንዳውን ይጠራው ነበር። ባንዳውም መግባት ጀመረ። ከነፈረሱ፣ ከነጠመንጃው ወደ ንጉሠ ነገሥቱ የገባ ብዙ ነው። የፊተኛው ሹም አዝዞት የገባ፣ ተርቦ የገባ፣ ቤቱን ከመቃጠል ሊያድን ብሎ የገባ ባንዳ፣ በየካቲት 1933 ዓ.ም. ጠመንጃውን አዙሮ በናታሌ ላይ ሲተኩስ ምን ልንለው ነው? አርበኛ ወይስ ባንዳ? በድንኳን የምትሰዳደቡ ልጆች ይኼን መልሱልኝ።

ናታሌ የካቲት 25 ቀን ቡሬን ለቆ ወጣ። እስከ ዛሬ ወታደሮች የሚደነቁበት ይኼ ነው፤ ሰባት ሺህ ሰው ከጥቂት መቶ ሰው ሸሸ። መንገዱ በመንኩሳ፣ ዛሬ ፍኖተ ሰላም በምትባለው አገር፣ በጅጋ አድርጎ ወደ ደምበጫ ነው። ፍኖተ ሰላም በፊት ወጀት ትባል ነበር፤ የዛሬውን ስሟን ያወጡላት ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው ይባላል።

ከደምበጫ አጠገብ ፈረንጆቹ በመጽሐፋቸው «ቻራካ» ብለው የሚጽፉት ወንዝ አለ። እዚያ ወንዝ ላይ ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ መንገድ ሊዘጋ ቀድሞ ሰፍሮ ነበር፤ ጥቂት መቶ ሰው ብቻ ነው፤ ብዙዎቹም በስደት አገር ሳሉ ተመልምለው ጥቂት ወር ብቻ የሠለጠኑ ናቸው። የናታሌ ጦር በሞላ በዚያ መንገድ እንደሚመጣባቸው አላወቁም፤ ናታሌም እነርሱ እዚያ እንዳሉ አላወቀም። የካቲት 27 ቀን ማለዳ ሁለቱ ተገናኙ። ሰባት ሺህ ሰው ከነመድፉ ከነብረት ለበሱ፣ አይሮፕላን ከላይ እየረዳው፣ በጥቂት መቶ ሰው ላይ መጣ። አንድ ወታደር በፀረ ታንክ ጠመንጃ ብረት ለበሶቹን መትቶ ማስቆሙን ጽፈዋል። ሰዓታት ተዋጉ። በመጨረሻ ሻለቃው ተሰባበረና ጣልያን አልፎ ሄደ። ከሻለቃው ከመቶ የማያንሰው ቆስሎ ወይም ሞቶ ቀረ ይላሉ። ከናታሌ ወገን የወደቀው ደግሞ ከዚያ በብዙ ይበልጣል። አስካሪውም፣ የእኛ ወታደርም፣ ሁለቱም እዚያው ሜዳ ላይ ወደቁ።

በዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር ልናገር። የእንግሊዞቹ ታሪክ ስለዚህ ዘመቻ ሲጽፍ ዊንጌት ዊንጌት ይላል። ዊንጌት ጎበዝ ነበር፤ አልክድም። ነገር ግን ናታሌ ከቡሬ እንዲወጣ ያደረገው የዊንጌት ሁለት ሺህ ሰው ብቻ አይደለም። ከዚያ በፊት አራት ዓመት ሙሉ ከምሽግ ወጥቶ እንጨት መልቀም ያልቻለ ጦር ነው። ልቡ አስቀድሞ የተሰበረው በጎጃም ገበሬ ነው። ያ ገበሬ ደግሞ ስሙ በመጽሐፍ የለም።

ስለ ስም ካነሣን፣ እኔ በ1970ዎቹ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ስሠራ የአርበኝነት ማስረጃ የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ማመልከቻ በእጄ ያልፍ ነበር። ማመልከቻው ምስክር ይጠይቃል። አንድ ሰባ ዓመት ያለፋቸው አባት ከቡሬ እስከ ደምበጫ ዘምቻለሁ ብለው አመለከቱ። ምስክር አምጣ ተባሉ። አንዱ ምስክራቸው ሞቷል፤ ሁለተኛው ሞቷል፤ ሦስተኛው መተከል ወርዶ ቀርቷል። መዝገቡ «ማስረጃው ያልተሟላ» ተብሎ ተዘጋ። እኔ ነኝ ቁጥር ሰጥቼ መደርደሪያ ላይ ያስቀመጥኩት። ሽማግሌው ሲወጡ «ሬሳ ምስክር ይሆናል ወይ ልጄ?» አሉኝ። ያ አነጋገር ከልቤ አልወጣም።

ወደ ነገራችን እንመለስ። ናታሌ ደምበጫንም ለቆ ደብረ ማርቆስ ገባ። ጄኔራል ናዚ ተቆጥቶ ሻረውና ኮሎኔል ማራቬንታኖን ሾመ። ራስ ኃይሉም የአባታቸውን አገር ሰው እንዲይዙለት ጣልያን ወደ ደብረ ማርቆስ መልሷቸው ነበር። በመጋቢት ሁሉ በአማኑኤልና በጉሊት በኩል የሱዳኑ ሻለቃ በሌሊት የእጅ ቦምብ እየወረወረ ምሽጎቹን አስጨነቃቸው። መጋቢት 26 ቀን ማራቬንታኖ ደብረ ማርቆስን ለቆ ወደ አባይ ወረደ። ራስ ኃይሉ ከተማው ውስጥ ቀሩ፤ መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ሲገቡ ተቀበሏቸው። በዚሁ ቀን በሌላ በኩል ከኬንያ የመጣው የእንግሊዝ ጦር አዲስ አበባን ያዘ።

ስለ ደብረ ማርቆስ አንድ የሚያስቅ ነገር ይተርካሉ። ጣልያን ሲሸሽ ስልኩን አልበጠሰውም። ከአባይ መሻገሪያ ያለው የጣልያን ጣቢያ ይደውላል። ስቲቨንስ የሚባል ጣልያንኛ የሚችል አሜሪካዊ ጋዜጠኛ አብሮ ነበርና ስልኩን አንሥቶ በጣልያንኛ፣ «አሥር ሺህ ሰው ያለው የእንግሊዝ ክፍለ ጦር ወደናንተ እየመጣ ነው፤ ራሳችሁን አድኑ» አላቸው። ጣቢያውን ጥለው ሄዱ። በጎጃም ላይ አንድም ሙሉ የእንግሊዝ ክፍለ ጦር አልነበረም። ያ አሥር ሺህ ሰው ያለው ክፍለ ጦር በስልክ ሽቦ ውስጥ ብቻ የነበረ ነው።

የማራቬንታኖ ጦር አባይን ያለ ብዙ ችግር መሻገሩ እስከ ዛሬ ያነጋግራል። እንግሊዞቹ በላይ ዘለቀን ይወቅሳሉ፤ ራስ ኃይሉ በነገር አባብለውት ነው ይላሉ። የብቸና ሰው ይኼን አይቀበልም። በላይ በጥር 1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰቅሎ ስለ ሞተ ቀርቦ አልመለሰም፤ የሞተ ሰው የተከሰሰበትን ነገር ሁሉ እንዳመነ መቁጠር ግን ተገቢ አይደለም።

ማራቬንታኖ በፍቼ በኩል አልፎ፣ በደራ አድርጎ ወደ ወሎ ወደ አጅባር ሄደ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገብተው ሳለ እርሱ ገና በተራራ ላይ እየተዋጋ ነበር። ዊንጌት ተከተለው። ከዚያም ደብዳቤ ጻፈለት፤ እጅህን ካልሰጠህ እኛ እንሄዳለን፣ አንተን ከአርበኞቹ ጋር እንተውሃለን የሚል ነው። ጣልያኖቹ ከእንግሊዝ ይልቅ አርበኛን ይፈሩ ነበር፤ የአምስት ዓመቱን ዕዳ ያውቁታላ። በግንቦት አጋማሽ 1933 ዓ.ም. 1,100 ያህል ኢጣልያኖችና 7 ሺህ ያህል አስካሪዎችና ባንዶች ጠመንጃቸውን አስረከቡ። ከዚያ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ የኢጣልያ እንደራሴ ዱካ ዳኦስታ አምባላጌ ላይ እጁን ሰጥቷል። ጄኔራል ናዚ ግን ቶሬሊ የተጠቃለለበትን የጎንደር ጦር ይዞ እስከ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ቆየ።

ሰባት ሺህ የሚለውን ቁጥር ደግማችሁ ተመልከቱት። ከአጅባር በኋላ እነዚያ ሰዎች የት ሄዱ? ኤርትራዊው ወደ ኤርትራ ሄደ። ከአገራችን የተመለመለው ግን ወደየመንደሩ ተመለሰ፤ አረሰ፣ አገባ፣ ወለደ፣ ልጆቹም ዕድር ገቡ። ሲሞትም አርበኛውና ባንዳው በአንድ ደብር ግቢ፣ አንዳንዴም ጎን ለጎን ተቀበሩ። የቀበሯቸው ሰዎች የሁለቱንም ነገር ያውቁ ነበር፤ ቢያውቁም ቀበሩ።

በመጨረሻ ለአባላት የማቀርበው ጥያቄ አለ። ከዱርቤቴና ከአካባቢው በጣልያን ጊዜ የሞቱ ወይም ዘምተው የተመለሱ ሰዎች ስም ያላችሁ፣ ከመጪው ጠቅላላ ጉባኤ በፊት ለዕድሩ ጸሐፊ አስመዝግቡ። ስም፣ የአባት ስም፣ መንደሩና የተቀበረበት ደብር ቢጻፍ ይበቃል፤ ምስክር አንጠይቅም። ከጣልያን ጋር የነበረም ቢሆን ይጻፍ፤ በኋላ ወደ አርበኛ የገባበት ወር የሚታወቅ ከሆነ እሱም ከጎኑ ይጻፍ። ደብተሩን እኔ አሰምርና አዘጋጃለሁ።